ፎር ዊሉን በጣት ያስገባንባቸው ዓመታት

የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። ይህን ስል ሰነፍ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። እግሬ በበሩ በኩል ወደ ውጭ፣ ጭንቅላቴ ከፍሬን ፔዳሉ አጠገብ፣ አፌ ውስጥ የተላጠ ሽቦ። ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ባለቤቴ ሶፋ ላይ ተንጋልዬ ስታገኘኝ «ዛሬ ደግሞ የማንን ሽቦ ልትፈታ ነው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራው ናፍቆኝ ነበር።

ሰው ከሥራ ሲወጣ ብዙ ጊዜ የሚያወራው ስለቀረበት ነገር ነው። የመንግሥት ደመወዝ ምን እንደምታህል፣ ጨረታና ማመልከቻ ሰውን እንዴት እንደሚያመላልስ ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱን እንተወው። እኔ ማውራት የምፈልገው አውራ ጣቴን ስለማታክል አንዲት ስዊችና በእሷ ሰበብ ስለማመሰግናቸው ሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው አስተማሪዬ ጋሽ አንዳርጌ ናቸው። ሁለተኛው ሹፌሩ ስማቸው ነው። ሁለቱ ባይኖሩ ዛሬ ስለ ሥራዬ ቀና ብዬ አላወራም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት ቡሬ አጠገብ በነበረ የመንግሥት እርሻ ጋራዥ ውስጥ ነው። ጋሽ አንዳርጌ የኤሌክትሪክ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ፤ ክፍሉ ማለት እሳቸውና አንድ ጠረጴዛ ማለት ነው። ቀጭን፣ ቱታቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ኮሌታቸው እስከ ላይ የተቆለፈ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ዲቁና ተቀብለው ስለነበር ይሁን እንጃ፣ መኪና ስር ሲገቡም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት። የተበላሸ መኪና ሲመጣላቸው ካቻቢቴ አያነሱም። መጀመሪያ ሁሉንም ሰው ዝም ያሰኛሉ። መካኒኩ መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ሹፌሩ ማብራራቱን ይተዋል፣ ከዚያ ቁልፉን ያዞሩና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። የትኛው ሪሌ፣ ማለትም መብራት ሲደርሳት ቋ ብላ መስመር የምትከፍት ትንሽ ሳጥን፣ እንደነሳ፣ የትኛው እንደቀረ በጆሯቸው ይለዩታል። እኛ ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ «ቅዳሴ ገቡ» እያልን እናሾፍ ነበር፤ በኋላ ግን እኛም ዓይናችንን ስንጨፍን ተገኘን።

ሽቦ አያስቆርጡም። ፋብሪካው የዘረጋው ሽቦ ቢሞትም እንኳ ሶኬቱን ነቅለው፣ ጫፉን በፕላስተር ጠቅልለው፣ ከጎኑ ሌላ ይዘረጋሉ እንጂ ፒንሳ አያሳርፉበትም። የጨመሩት ሽቦ ላይ ሁሉ ቀይ ክር ያስራሉ። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ነገ የሚከፍተው ሰው አንተን አያውቅህም። የሰውየውን ካንተው ይለይ እንጂ!» አሉኝ። «ሰውየው» የሚሉት መኪናውን የሠራውን ፋብሪካ ነው፤ እንደሚያውቁት ሰው ነበር የሚያከብሩት።

የመጨረሻው ልማዳቸው ደግሞ ከሁሉም ያስቀን ነበር። የጠገኑት መኪና ከጋራዡ ሲወጣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው በእግራቸው ይከተሉታል። መኪናው አስፋልቱ ላይ ወጥቶ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ቆመው ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ተመልሰው እጃቸውን ይታጠባሉ። ዝናብም ቢሆን፣ አለቃ ቢጠራቸውም ይህን አይተዉትም።

እኔ ከቡሬ ወደ ደምበጫ፣ ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛወርኩ። ፍኖተ ሰላም የደረስኩት የመሥሪያ ቤቶች መኪና ሁሉ የሚጠገንበት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። እዚያ ስገባ መኪናው ተለውጦ ጠበቀኝ። ድሮ ፎር ዊል የሚገባው ከማርሹ አጠገብ ባለች አጭር ዘንግ ነበር። ሹፌሩ ዘንጓን ይስባል፣ ከሥር ወፍራም «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አራቱም ጎማ ይሠራል። አዲሶቹ መኪኖች ዘንግ የላቸውም። ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ሬዲዮ ቁልፍ የምትዞር ነገር አለች። እሷን ስታዞራት ለኮምፒውተሩ ትናገራለች፤ ኮምፒውተሩ ያስብበታል፤ ደስ ካለው ከካምቢዮው ጀርባ ላለው ሳጥን፣ ማለትም እኛ ትራንስፈር ለምንለው፣ ትእዛዝ ያስተላልፋል። ትራንስፈሩ ጎን ላይ የተገጠመች ትንሽ ሞተር ትዞርና ማርሹን ከቀላሉ ለዳገትና ለጭቃ ወደሚሆነው ከባዱ ታስገባለች።

ደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ሁሉ ደህና ነው። በእኛ አገር ግን ፎር ዊል የሚፈለገው ጭቃ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ የሚጠላው ደግሞ ጭቃና ውኃ ነው። አንድ ወንዝ ሲሻገር ውኃ ይገባዋል፤ ከዚያ የፎር ዊሉ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ይቀራል። ሞተሯ ደህና፣ ማርሹ ደህና፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ብቻ ታሟል። አዲስ ኮምፒውተር ቢጠየቅ ክረምቱ አልፎ ሌላ ክረምት ይመጣል። መኪናው እስከዚያ ከአስፋልት አይወርድም፤ የጎጃም ገጠር ደግሞ አስፋልት ዳር ብቻ አይኖርም።

ስዊቿን የገጠምኩት እንዲህ ባለው ችግር ነው። ኮምፒውተሩን አልፋ ለሞተሯ በቀጥታ መብራት የምትሰጥ፣ ወደ ላይ ሲጫኗት የምታስገባ፣ ወደ ታች ሲጫኗት የምታወጣ፣ ሲለቋት በራሷ ወደ መሀል የምትመለስ ስዊች። መሀሉ ላይ ፊውዝና ሪሌ አለ። የሰውየው ሽቦ አልተቆረጠም፤ የኔዎቹ ሁሉ ቀይ ክር አላቸው። ለሹፌሮቹ የምሰጠው ትምህርት አጭር ነበር። መኪናውን አቁም፣ ፍሬን ያዝ፣ ስዊቿን ተጫን፣ ከሥር «ቋ» ሲል ልቀቃት። አለቃችን አልወደዱትም። «ኦርጅናሉ ዕቃ ይጠበቅ» አሉ። ነገር ግን መኪኖቹ ዳገት ሲወጡ አይተው ዝም አሉ፤ እኔም ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት።

ስማቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ፒካፕ ሹፌር ነበር። ዕድሜያችን ተቀራራቢ ነው። ወሬኛ፣ ተጫዋች፣ መንገድ ላይ የቆመ ገበሬ ሳይጭን የማያልፍ። ስዊቿን ስገጥምለት «እንግዲህ ኮምፒውተሩ እኔ ሁኛለሁ፤ ደመወዜ ይጨመራ!» ብሎ ያሳቀን እሱ ነው። ሦስት አራት ጊዜ በራሱ እጅ አስገብቶ አወጣው፤ እኔም ደህና ነው ብዬ ሸኘሁት።

የእኛ አገር ሹፌር ዳገት ላይ ሲቆም የሚያደርገው የታወቀ ነገር አለ። የእጅ ፍሬን ላይ አይተማመንም፤ ገመዱ በጭቃ ከዛገ ቆይቷል፣ ያሠራውም የለም። አንደኛ ማርሽ ያስገባል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ ወርዶ ድንጋይ ይፈልግና ከኋላ ጎማው ሥር ያስገባል። ማርሹ እሱ ድንጋዩን እስኪያመጣ መኪናውን ይይዝለታል። ሁላችንም የምናውቀው፣ ማንም ክፉ ነው ብሎ የማያስበው ልማድ ነበር። እኔም አላሰብኩበትም።

አንድ ቀን ስማቸውን ከገበዝ ማርያም ወዲህ ባለው ቀዩ ዳገት ላይ ዝናብ ያዘው። ምርጥ ዘር ጭኗል። ከባዱን ማርሽ ለማስገባት አቆመ፣ ፍሬን ያዘ፣ ስዊቿን ተጫነ፣ «ቋ» ሲል ሰማና ለቀቃት። ከፊቱ የተቆረጠ መንገድ ስላየ ወርዶ ሊያየው ፈለገ። እንደ ልማዱ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ፣ ድንጋይ ይዞ ወደ ኋላ ጎማው ዞረ። ጭቃው ለጥቂት ጊዜ መኪናዋን ይዞለት ነበር። ሲያጎነብስ ጭቃው ለቀቀና መኪናዋ ከነጭነቷ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ግራ እግሩን ከመንገዱ ዳር ካለው አፈር ጋር አጣብቃ ጉልበቱን ሰበረችው። በአካባቢው የነበሩ ገበሬዎች ደርሰው አወጡት፤ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ደህናው መንገድ አደረሱት።

ሆስፒታል ስደርስ ስማቸው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስማቸው፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ የኔ ሥራ ነው» አልኩት።

«ኧረ ተወኝ ባክህ። ቋ ሲል ሰምቻለሁ እኮ። ልቀቅ ባልኸኝ ጊዜ ነው የለቀቅሁት።»

«ምን ዓይነት ቋ?»

የጣቱን ጥፍር በአልጋው ብረት ላይ መታ አደረገ። «እንዲህ ያለ።»

ቀጭን ድምፅ ነበር። ማርሹ ሲገባ የሚሰማው ግን ወፍራም ነው፤ ከወንበሩ ሥር ነው የሚመጣው። ስማቸው የሰማው ከዳሽቦርዱ ሥር ያስቀመጥኳትን የኔኑ ሪሌ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን እየደበደበ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ የሪሌዋን ድምፅ የማርሹ መስሎት ለቀቃት። ትራንስፈሩ ላይ ያለችው ትንሿ ሞተር ሳትጨርስ መሀል ላይ ቆመች። ትራንስፈሩ ከቀላሉም ከከባዱም ሳይሆን በመሀላቸው ባዶ ላይ ቀረ። ያን ጊዜ አንደኛ ማርሽ ብታስገባም ባታስገባም ጎማው ከካምቢዮው ጋር አይገናኝም። መኪናዋን የያዛት ምንም ነገር አልነበረም። እኔ ጆሮዬን ተማምኜ የሠራሁትን፣ እሱ በዝናብ ውስጥ በጆሮው እንዲጠብቀው ነበር የሰጠሁት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስዊቼ ያለበትን መኪና ሁሉ እየጠራሁ ነቀልኩ። አለቃችን ከመጀመሪያውም አልስማማም ብለው የነበሩ ሰው ናቸው፤ «ብዬህ ነበር» ሊሉኝ ይችሉ ነበር። አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። ትከሻዬን ነካ አድርገው አለፉ። ስለዚያች ዝምታ ዛሬም ድረስ አመሰግናቸዋለሁ። መኪኖቹ ግን ወደ ቋሪትና ወደ ሌላው ደጋ መውጣታቸውን አቆሙ። ክትባት የሚያደርሱት በበቅሎ መጫን ጀመሩ። እኔም የመኪና ሬዲዮና የፊት መብራት ብቻ እየጠገንኩ ጡረታዬን ልጠብቅ ወሰንኩ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጋሽ አንዳርጌን ለመጠየቅ ቡሬ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ።

«ስንቱን ነቀልኸው?» አሉኝ።

«ሁሉንም ነቀልኩት ጋሼ።»

«እንዲያው ጠቅልለህ ልትተኛ ነዋ! ያ ሰው እግሩ የተሰበረው አንተ ሥራ እንድትተው ነው እንዴ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?»

«እኔን ለምን ትጠይቀኛለህ? እኔ ዳገቱ ላይ አልነበርሁም። የነበረውን ጠይቀው እንጂ!» አሉና ተቆጡ። ቁጣቸው ደግሞ እንደ ንግግራቸው ዝቅ ያለ ነበር። ሊሸኙኝ በር ድረስ ሲወጡ ግን እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ስማቸው በክራንች መራመድ ጀምሮ ነበር። ጉልበቱ እንደ ልብ አይታጠፍም፤ ሹፌርነቱም ቀርቶ መሥሪያ ቤቱ እኛ ጋራዥ በር ላይ የመኪና ስምሪት ክፍል አስቀመጠው። የጋሽ አንዳርጌን ቃል ስነግረው ሳቀ።

«ትጩህ» አለኝ።

«ማን?»

«መኪናዋ ናት እንጂ ማን ልትሆን ነው! ባዶ ላይ ስትቀር ትጩህ። አንተ የምትገባበትን ብቻ ነው ያበጀህላት። አልገባሁም የምትልበትን አፍ አልሰጠሃትም።» ትንሽ አሰበና ክራንቹን መሬት ላይ መታ። «የእጅ ፍሬን የሌላት መኪና ላይ ደግሞ እጅህን እንዳታሳርፍ። መጀመሪያ ፍሬኑ ይሠራ፤ እምቢ የሚል ሹፌር ቢመጣ ወደኔ ላከው። ጉልበቴን አሳየዋለሁ።»

በዚህ ንግግሩ እኔ ዳንኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ትራንስፈሩ ላይ ባዶ ሲሆን ብቻ የምትነካ አንዲት ትንሽ ስዊች አለች፤ የምታናግረው ኮምፒውተሩን ብቻ ነበር። ከእሷ ሽቦ ስቤ፣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የምትጮኸውን ዓይነት ጩኸት ገጠምኩላት። ማርሹ ባዶ ላይ እስካለ ድረስ ዝም አትልም፤ በዝናብም በሞተርም መሀል ትሰማለች። ሪሌዋን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ደበቅኳት፤ ድምጿ ሹፌሩ ጋ እንዳይደርስ። ቴክኒክ ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ ደግሞ የስዊቿን መብራት ከፍሬን አምፖሉ ሽቦ ባገኝላት እንደሚሻል መከረኝ። አሁን ፍሬን ካልተረገጠ ስዊቿ አትሠራም፤ ሲነዱ ጉልበታቸው ቢገጫትም ምንም አይሆንም። እኔ ብቻዬን ብሆን ይህ አይታየኝም ነበር። ሙከራው ሁሉ እንዳለቀ ለጋሽ አንዳርጌ ደውዬ ስልኩን ከጩኸቷ አጠገብ ያዝኩላቸው። ጥቂት አዳመጡና «ይቺ የተኛ ሰው ታስነሳለች። በል ቀይ ክርህን እንዳትረሳ» አሉኝ።

የመጀመሪያዋ መኪና አምቡላንስ ነበረች። ሹፌሯ ምንይችል ይባላል፤ ከእኛ ያነሰ፣ ፈጣን፣ ልበ ቀና ልጅ ነው። የአምቡላንሷ ኮምፒውተር ውኃ ገብቶት ከሞተ ቆይቷል። ምጥ የያዛትን ሴት ለማምጣት ከዳገቱ ግርጌ ቆሞ ይጠብቃል፤ ሴቲቱን ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስኪወርዱ ድረስ። አንዷ ሳትደርስ መንገድ ላይ ስለቀረችበት እንቅልፍ አጥቷል። «ጋሽ ይበልጣል፣ እባክዎ ይሥሩልኝ። ዳገቱን ልውጣና ደጃፏ ድረስ ሄጄ ላምጣት» ብሎ በስሜ እየጠራ ለመነኝ። እኔ ፈራሁ። ፍሬኑን አሠራሁ፣ ስዊቿንም ጩኸቷንም ገጠምኩ፣ ግን ልሰጠው እጄ አልፈታ አለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ስማቸው ፊት መሆኑ ነበር።

«ቀዩ ዳገት ላይ እንሞክራት» አለ ስማቸው። «የምነዳት እኔ ነኝ።»

ሦስታችንም ሄድን። ስማቸው ከተሰበረ ወዲህ መሪ ሲይዝ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር፤ ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ጉልበቱን እያመመው ጥርሱን ይነክሳል። እሱ የወደቀበት ቦታ ስንደርስ አቆመ። ፍሬን ይዞ ስዊቿን ተጫነና ሆን ብሎ መሀል ላይ ለቀቃት። ጩኸቷ መኪናዋን ሞላችው። አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳ። አምቡላንሷ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ምንይችል መቀመጫውን ጨብጦ ዓይኑ ፈጠጠ። ስማቸው የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ቆመች።

«አየህ ወንድሜ?» አለው። «ማርሽ አስገብተሃል፤ ግን ማርሽ የለህም። ስትጮህብህ እጅህ ወደዚህች ፍሬን እንጂ ወደ በሩ አይሂድ። ድንጋይ ፍለጋ የሚወርድ ሰው ካለም ከልክለው። ቄስም ይሁን ሹም።»

ከዚያ እንደገና ፍሬን ይዞ ስዊቿን ተጫነ። ከወንበራችን ሥር ወፍራሙ «ቋ» ሲል ጩኸቷ ዝም አለች። ሞተሩን አስነስቶ ዳገቱን ወጣው። እኔ ከኋላ የበሽተኛ መቀመጫ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ስማቸው በመስታወት አይቶኝ «ምነው፣ ምጥ ያዘህ እንዴ?» ሲል ሦስታችንም ሳቅን።

ክረምት ገባ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቄስ ጃንጥላቸውንና አንድ ጆንያ ድንች ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከቋሪት ነው የመጡት። «አምቡላንሷን የሠሩት እርስዎ ነዎይ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ልጃቸው ምጥ ጠንቶባት፣ ደምም ፈሷት፣ የጤና ኬላዋ ሲስተር በአስቸኳይ ሆስፒታል ትግባ ብላ ምንይችል ደጃቸው ድረስ ወጥቶ እንደጫናት ነገሩኝ።

«አቀበቷን ልንወጣ ስንል ቁማ ጮኸች። እኔ መኪና ስትቆም ድንጋይ ማስገባት ነው የማውቀው። ልውረድ ብዬ በሩን ከፈትሁ። ያ ሹፌር ‹አባ፣ እንዳይወርዱ!› ብሎ ጮኸብኝ። ቄስ ላይ እንዲህ ይጮሃል ብዬ ተቀየምሁ እንጂ! ፍሬን ያዘ፣ የሆነች ነገር ተጫነ፣ ጩኸቷም ዝም አለች፣ ሄድን።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «ወርጄ ቢሆን ኖሮ ከጎማው ኋላ ነበርሁ። መኪናዋም ከነልጄ ወደ ገደሉ ነበረች። ይኸው ልጄም ደኅና ናት፤ ወንድ ልጅም ተገላገለች።»

ድንቹን ሊሰጡኝ ሲያነሱት እጃቸውን ያዝኩ። «አባ፣ ትጩህ ያለው እኔ አይዶለሁም። ያ በር ላይ የተቀመጠው ነው።»

ቄሱ ወደ ስምሪት ክፍሉ ሄዱ። ስማቸው ሊነሳላቸው ሲታገል ጉልበቱን አዩት፤ እንዴት እንደተሰበረም ጠየቁት። የት እንደሆነ ሲነግራቸው ጃንጥላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው መጀመሪያ ግንባሩን፣ ቀጥሎ ጎንበስ ብለው ያንን የማይታጠፍ ጉልበቱን ባረኩት። ስማቸውም ድንቹን ተቀብሎ ከእኔ ጋር ተካፈለው።

የአምቡላንሷ አዲስ ኮምፒውተር ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ። የሰውየው ሽቦ ስላልተቆረጠ ወደ ነበረበት ለመመለስ ግማሽ ቀን አልፈጀብኝም፤ ቀይ ክር ያለበትን ሁሉ እየተከተልኩ ነቀልኩ። ጩኸቷ ላይ ስደርስ ምንይችል እጄን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እቺን ይተዉልኝ። እሷ ባትኖር እንቅልፍ አይወስደኝም።» ተውኳት። ጋሽ አንዳርጌ ያን ጊዜ አርፈው ነበር። ቢኖሩ አዳምጠው ይስማሙ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ጡረታ የወጣሁበት ቀን ትንሽ ዝግጅት ተደረገልኝ፤ ጋቢ አለበሱኝ፣ አለቃዬ የነበሩትም ሰው ከቤታቸው መጥተው መረቁኝ። ሳይመሽ መሣሪያዬን በአንድ ሳጥን አድርጌ ባጃጅ ጠራሁ። ስማቸው ሳጥኑን አቀብሎኝ «በል ሂድ እንግዲህ» አለኝና ፊቱን አዞረ። ቅር አለኝ፤ ይህን ያህል ዓመት አብረን ሠርተን እንዲህ ይሸኘኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ባጃጁ ከጋራዡ በር ወጥቶ በኮረኮንቹ ላይ መሄድ ጀመረ። በትንሿ መስታወት ወደ ኋላ ስመለከት ስማቸው እየተከተለን ነበር። እጆቹን ወደኋላ አጣምሯል፤ አንድ እግሩን እየጎተተ በእግሩ ይመጣል። ጋሽ አንዳርጌን በሕይወቱ አይቷቸው አያውቅም፤ ከእኔ ሲሰማ ነው ልማዳቸውን ያወቀው። ሹፌሩን ቀስ በል አልኩት። አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ስማቸው ዳር ላይ ቆመ፤ ባጃጁ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠኝ።